ዋይፋዬን የሚጠጣው ማነው?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አዲሱ ራውተር ተተከለ። ከአቃቂ በሰቃ፣ ከታጁ ሱቅ። ርካሹን ነው የወሰድኩት። ታጁ ካርቶኑን ከፍቶ እያሳየኝ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪው አለኝ። አየር? ነገ ሲበላሽ "አየር ነፍገሽው ነው" ሊለኝ ከወዲሁ መንገድ እየጠረገ ነው። ነጋዴ አይደል...

ማስተካከሉ አላስቸገረኝም። የድሮውን ስምና የድሮውን ፓስወርድ ሰጠሁት፣ እንዳልረሳው። ቡፌው አናት ላይ አስቀመጥኩት። እውነት ለመናገር ፈጣን ነው። ከቢሮ ጋር በቪዲዮ ስንሰበሰብ የአለቃዬ የአቶ መገርሳ ፊት አንዴም ደርቆ አልቀረም።

ይህ ወር ሙከራ ነው ብለውኛል። ማክሰኞና ሐሙስ ቢሮ፣ ሌላውን ቀን ከቤት። መስመሩ ካስቸገረ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ። ከቱሉ ዲምቱ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ መግባት... እማዬስ? ስትሮኩ ቀኝ እጇንና እግሯን ከያዛት ወዲህ ብቻዋን መዋል አትችልም። ለሁለቱ ቀን የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ያለምወርቅ አሉልኝ። ቁልፍ አላቸው፣ ገባ ወጣ እያሉ ያዩዋታል። አምስቱን ቀን ግን በምን አፌ እለምናቸዋለሁ?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

እማዬ ራውተሩን ዳንቴል አልብሳዋለች። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ እሱ ለምን ራቁቱን ይቀመጥ? ሳቄ መጣ። "አየሽው?" አለችኝ። አየሁት አልኳት፣ ከኮምፒውተሬ ቀና ሳልል።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተንቀራፈፈ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ፀሐይ ወደ ሳሎን ስትዞር ይሞታል። የመስመሩ ሰዎች ጋ ደወልኩ፣ በእኛ በኩል ችግር የለም አሉ። እና በማን በኩል ነው?

የራውተሩን ገጽ ከፍቼ አየሁ። ሦስት ዕቃ ተገናኝቷል ይላል። አንዱ ላፕቶፔ። አንዱ ስልኬ። ሦስተኛውስ? ስም የለው፣ የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ ብቻ። የእማዬ አይሆንም፤ አሮጌ ስልኬን የሰጠኋት ለመደወያ ነው፣ ሌላ ነገር አትነካም።

የሰው ዋይፋይ የሚጠጣ ሰው እዚሁ ብሎክ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ያዝኳቸው!

ከቢሮ ስገባ እትዬ ያለምወርቅ ከእማዬ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ። ስልኩ እልም ብሎ ነጠላቸው ስር ገባ። እማዬም ጣራ ጣራ ታያለች። "መጣሽ የኔ ልጅ" ብለው ተነሱ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

እኔ እኮ እንደ አክስቴ ነበር የማያቸው...

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ፓስወርዱን ቀየርኩ። ሦስተኛው ከገጹ ጠፋ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ከሰዓት ግን አቶ መገርሳ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ። እትዬ ያለምወርቅ ሌላ መንገድ አላቸው ማለት ነው። ፓስወርድ የሚሰብር አፕ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ወይስ እኔ ስወጣ ገብተው ይነካኩታል? ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ራውተሩን ከነዳንቴሉ ቡፌው ውስጥ አስገብቼ መስታወቱን ቆለፍኩበት። ከብርጭቆዎቹ ጋር ይቀመጥ።

እማዬ ዛሬ ራቷን አልጨረሰችም። ምን ሆነሽ ብላት፣ ምንም አለች።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጭራሽ ባሰበት። አሁንማ ጠዋትም ይቆራረጣል። ታጁን አፋጠጥኩት፣ ያው የአየሩን ነገር ደገመልኝ። ዘፈኑ አንድ ነው።

ለእትዬ ያለምወርቅ ቁልፌ ጠፋብኝ፣ የእርስዎን ላስቀርጽበት አልኳቸው። ከቁልፋቸው መሐል ፈተው ሰጡኝ። አልመልስላቸውም። በቢሮ ቀን ምሳዋን አጠገቧ አስቀምጬ እሄዳለሁ፣ እየደወልኩ እጠይቃታለሁ። ውሸቱ ከነከነኝ... ግን ቤት የሚበረብር ሰው በራሴ እጅ ላስገባ?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አቶ መገርሳ ቁርጡን ነገሩኝ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ቢሮ እመለሳለሁ።

እትዬ ያለምወርቅን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ስለ ቁልፉ አልጠየቁኝም። ለምን አልጠየቁኝም? ንጹህ ሰው አይጠይቅም?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

እማዬ ወደቀች።

ቢሮ ነበርኩ። ሁለቴ ደወልኩ፣ አላነሳችም፤ ተኝታለች ብዬ... ለካ ኮሪደሩ ላይ ወድቃ በደህና እጇ ግድግዳውን ትደበድባለች። እትዬ ያለምወርቅ ሰምተዋል። በሩ ላይ ቆመዋል። ቁልፍ የላቸውም። እሷ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ መቆለፊያውን ሰብሮ ገባ።

ጎኗ በልዟል፣ ስብራት የለም ተብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስደርስ እትዬ ያለምወርቅ የተሰበረውን በር ደገፍ ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። "ስሟን እየጠራሁ አዋራኋት፣ ብቻዋን እንዳይመስላት" ብቻ አሉኝ። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከቤት ዋልኩ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል መስመሩ ድርግም አለ። በንዴት ቡፌውን ከፈትኩት። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ራውተሩን ስነካው ካውያ ነው! ዳንቴሉን ገፍፌ፣ አውጥቼ መስኮቱ አጠገብ ጥላው ላይ አስቀመጥኩት። ቀዝቀዝ ሲል ተነሳ። ስብሰባው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም።

ዳንቴሉ እጄ ላይ ቀረ። የእማዬ ዳንቴሎች ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ጠርዛቸው በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ይሄ ሮዝ ነው። አዲስ ክር። ጠርዙ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ አንድ ቦታ ተፈትቶ እንደገና ተይዟል።

"ይሄን ማነው የሠራው?"

"እኔ" አለች።

በዚያች እጅ! በአሮጌው ስልክ ቪዲዮ እያየች ነው። እንዴት እንደሚሠራማ ታውቃለች፤ በደከመ እጅ የኪሮሽ መርፌው እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ ፈልጋ ነው ያገኘችው። እትዬ ያለምወርቅ ክሩን ይይዙላታል፣ ስልኩን ይደግፉላታል። የመጀመሪያውን ጨርሳ ራውተሩ ላይ ያኖረችው እኔ እንዳየው ነበር። ለካ ስልኩ የድሮውን ፓስወርድ ስለሚያውቅ በራሱ ነው የገባው። ሌባ ብዬ ያባረርኩት የእናቴን ስልክ ነው።

"ስልኩ እምቢ ሲል" አለች እማዬ፣ "የተቆጣሽ መሰለኝ።"

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አዲስ መቆለፊያ ተገጠመ። አንዱን ቁልፍ ይዤ የእትዬ ያለምወርቅን በር አንኳኳሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሌባ እንዳልኳቸው፣ ስለ ቁልፉ እንደዋሸሁ። ከዚያ ጡታቸው ስር እጃቸውን ከተው ስልካቸውን አወጡ። ባለ በተን። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ።

"በዚህ ነው የምጠጣልሽ?" አሉኝ።

ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ምን ስልክ እንደሚይዙ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የጠረጠረስ?

ቁልፉን ቶሎ አልተቀበሉኝም። እጄ ተዘርግቶ ቆየ። "የምወስደው ለሷ ብዬ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ እና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ይገባኛል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አቶ መገርሳ ከቤት መሥራቱን ቀጥዪ አሉኝ። ራውተሩ መስኮቱ ጋ ራቁቱን ነው። ዳንቴሉን ላፕቶፔ አጠገብ አንጥፌዋለሁ፣ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ እሱን ነው የማየው።

ማታ ከቢሮ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳቃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል። ስገባ ጸጥ አሉ። እማዬ ጣራ ጣራ ታያለች። እትዬ ያለምወርቅ አንድ ነገር ነጠላቸው ስር ሸጎጡ፣ ሰማያዊ ክር ወለሉ ድረስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እንዴት ዋላችሁ ብዬ ሻይ ልጥድ ገባሁ።