ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰ.
ማንጎው ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግቻለሁ። መድኃኒቱን ቀይ ቀለም ቀላቅዬ እረጫለሁ፣ ነጠብጣቡን በማጉያ መነጽር እለካለሁ። ወገቤ አለቀ። ድሬ ገና በጠዋቱ ትጠብሳለች።

ነገሩ፦ ባለፈው ሳምንት ማሽላ ላይ የወጣውን ተምች ረጨን፣ አልሞተም። ግብርና መ/ቤቱ ምክንያቱን አጣራ አለኝ። መርጫው ቀላል ዕቃ ነው፤ ዘንግ፣ ባትሪ፣ ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ሳህን። ሳህኗ ስትፈጥን ጠብታው ይደቅቃል፣ ቅጠል ላይ ያርፋል። ስትዘገይ ይወፍራል፣ መሬት ይጠጣዋል። መድኃኒቱ ሲበዛባትም ያው ይወፍራል። የመድኃኒቱን መውረጃ ግን አየሁት፣ ልኩን ነው።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ
አብዲን ወሰዱት። ረጪያችን ነው፣ አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አሻጥር ነው፣ መድኃኒቱን ሸጦ ውሃ ረጨ ብሏል። ቀበሌ አሰሩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ተናደድኩ፣ አፌን ግን ዘጋሁ። ሰኞ ግምገማ አለ፣ የእኔ ሪፖርት ይነበባል።

ግንቦት 21፣ ዓርብ፣ 9 ሰ.
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።

አዲስ ባትሪ ከጠፋ ቆይቷል። አብዲን አሮጌውን ባትሪ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቤት ለሬዲዮኔ እንደማደርገው። በረጨን ቀን ስንሞክረው ሳህኗ ጮኸች። ደስ አለኝ፣ ሂድ እርጭ አልኩት። ዛሬ ግን ሰዓት ይዤ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደከመች። አትቆምም፤ ከሩቅ ደህና ትመስላለች። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ግን ምስር ምስር ያክላል።

አብዲ አላጠፋም። እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ
ከቀፊራ ገበያ ዳቦና ብርቱካን ገዝቼ ቀበሌ ሄድኩ። ጠባቂው አምስት ደቂቃ ፈቀደ። አብዲ ከስቷል። ጥፋቱ ከባትሪው መሆኑን እሱም ገምቷል፤ ማን እንዳዘዘው ግን አልነገራቸውም። “አቦ፣ ስምህን አላነሳሁም፣ እንቅልፍህን ተኛ” አለኝ። ብርቱካኑን ብላ አልኩት። ደብተሬ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ግንቦት 23፣ እሑድ
ሳቢያን፣ ቤት። ለባለቤቴ ነገርኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። እውነቷን ነው። ሪፖርቱን “ምክንያቱ አልታወቀም” ብዬ ብዘጋውስ? ሁለቴ እንደዚያ ጻፍኩት፣ ሁለቴ ቀደድኩት። ደክሞኛል።

ከሰ. በኋላ አንሶላና ሁለት ሸሚዞቼን አጥፋ ዘንቢል ውስጥ ከተተች፤ ለታሳሪ እንደሚቋጠረው። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሦስተኛውን ጻፍኩ፦ በደከመ ባትሪ እንዲረጭ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ረጪው የታዘዘውን ፈጽሟል። ፈረምኩ። ነገ አብዲ ግምገማው ፊት ሳይቆም አስገባዋለሁ።