የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ እጮኛዬ ለዘርትሁን ፀጋዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የድሬስደን ብርድ ገብቶ ይሆናል። እኛ ጋ ኅዳርም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ብረት በእጅ አይያዝም። ይህን የምጽፍልሽ እናንተ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። እናትሽ እትዬ በላይነሽ አጠገቤ ተቀምጠው የጻፍኩትን እያስነበቡኝ ነው። «ስለ ትምህርቷ ጻፍላት፤ ሌላው ይቅር» ብለውኛል።

ስለዚህ ከትምህርቱ ልጀምር። የፍሬኑ ስሌት አልሄድ ብሎ ኮምፒዩተሩ ገና ከመነሻው እንደሚያቆም፣ ሲሄድልሽም የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ዘልቆ እንደሚገባ ጽፈሽልኛል። እዚያ ስማር ሳለሁ እኔንም እንዲሁ አስለቅሶኛል። በመጀመሪያ ስሌቱ ሲነሣ ሸራውና ታምቡሩ መነካካታቸውን እዪ። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ሸራውን የሚይዘው ነገር የለም፤ ኃይል ስትጭኚበት ሳይነካ ይበርና ስሌቱ ይፈርሳል። እስኪነካ ድረስ በኃይል ሳይሆን በተለካ ርቀት ግፊው፤ ከነካ በኋላ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ጫኚ። ሰበቃውን ለጊዜው ተዪው፣ ኋላ ትጨምሪዋለሽ። ዘልቆ የሚገባው ደግሞ ለንክኪው የሰጠሽው ግትርነት አንሶ ይመስለኛል። ግን በአንዴ አታብዢው፤ ከበዛ መልሱ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ አልረጋ ይልሻል። ታምቡሩን የከፋፈልሽባቸውን ቁራጮች የቆጠርሽበትንም አቅጣጫ እዪ። ከተገለበጠ ማሽኑ ንክኪውን በውጭ በኩል ይፈልጋል፣ ሸራው ያለው ግን በውስጥ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሥዕልሽ ላይ ሸራው ሙሉ ለሙሉ ታምቡሩ ላይ ተኝቷል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ባለፈው ወር አንድ ተሳቢ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ጋራዥ ገባ። አብሮኝ ከሚሠራው መካኒክ ከሙሳ ጋር ጎማውን ፈትተን ስናይ ሸራው ተበልቶ የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው።

«ይሄ መኪና ጭነት ይዞ የጣርማ በርን ቁልቁለት አይወርድም» አልኩ።

አዲስ ሸራ ከአሰብ ይመጣል ከተባለ ቆይቷል። የጋራዡ ኃላፊ «ወሎ እህል ይጠብቃል» አለ። ሾፌሩ ራሳቸው ትከሻዬን ይዘው፣ «ወንድሙ፣ ሰው እየራበው እኔ ሸራ እስኪመጣ ቁጭ ልበል? በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ አይዞህ» አሉኝ። ጎማውን መልሰን አሰርን።

ሲመለሱ እህል ጭነው ነበር። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ፍሬኑ ጋለ፣ ከዚያ በኋላ አልያዘም። ያዩት ገበሬዎች ጡሩንባው እስከ መጨረሻው አላቋረጠም ይላሉ፤ ገበያተኛው ከመንገድ እንዲሸሽ ነው። አንድም መንገደኛ አልተነካም። ረዳቱ ዘሎ ተረፈ። መኪናው ገደል ገባ።

እዚህ ላይ ሳነብላቸው እትዬ በላይነሽ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ፀሐዩ ከብዷቸው ነው።

የአባትሽ እጅ ጽሑፍ ለምን እንደቀረ ጠይቀሻል። ጋሼ ፀጋዬ ከመንዳት አርፈዋል። ዓይናቸው ስለደከመ መጻፍ አይሆንላቸውም። ከዚህ ጋር በላክሁት ፎቶ እናትሽ ጠጉራቸውን ተቆርጠው ብታዪ አትደንግጪ፤ የሮቢት ሙቀት አስቸግሯቸው ነው። ለዕረፍት እመጣለሁ ያልሽውንም ተዪው። መጀመሪያ ጨርሺ።

ስሌትሽ ሲያልቅ ለበላዮች ቀርቦ ሸራ ያስመጣልናል ብለሽ ተስፋ አድርገሻል። ለማን እንደማሳየው አላውቅም፣ ዘርዬ። ዛሬ ጠዋትም ሸራው እንደዚያው የተበላ መኪና ወጥቷል። ሙሳ ፊቱን አዙሮ እጁን ሲታጠብ ቆየ፤ እኔም ጎማውን መልሼ አሰርኩ።

ከገደሉ ያወጣነውን ሸራ ልክ ወስጄ ልኬልሻለሁ። እንዳለ አስገቢው። መልሱ ሲረጋ ፍሬኑ መኪናውን እንደማያቆም ያሳይሻል። ያን ጊዜ የሳትሽው ነገር ያለ መስሎሽ ከመጀመሪያው እንዳትጀምሪ። ስሌቱ ልክ ነው።

እናትሽ ከውስጥ ሆነው ይመርቁሻል። «የሰው አገር መሬት እንደ እናት ትያዝሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ አይዞሽ የሚልሽ ሰው አትጪ» ብላለች በልልኝ ብለውኛል።

ያንቺው
ወንድሙ