አባባ ለለቅሶው የፈለገው ፎቶ

ለምወድህ ወንድሜ ለዘመድኩን፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህ ሆሳዕናስ እንዴት ናት? ስንደዋወል የስልኩን ካሜራ በጣቷ የምትሸፍነው ልጃችሁስ አደገች? የጁባ ሙቀት በርትቶባችሁ ነው ወይስ እናንተም ጋ ዝናቡ ገባ? እኛ እዚህ ወልቂጤ ክረምቱ አላፈናፍን ብሎን፣ ጭቃው እስከ በረንዳው ድረስ ወጥቶብን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ ግን ልቤ አርፎ አይደለም። ይህን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወዲህ ደጋግሜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ በሩን ለማየት፣ አንዴ ውሃ ለመጠጣት፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ረስቼ መልሼ ለመቀመጥ።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ይገርምህ ይሆናል። ስደውልልህ አባባ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ደግሞም በስልክ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ በእማዬ ስም አስምሎኛል። ስለ ደብዳቤ ግን ምንም አላለኝም። አብሮህ የሚሠራው ራምዚ እዚህ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ አሁን ወደ ጁባ ሊመለስ ስለሆነ፣ ይህን ከአንድ ፎቶ ጋር በእጁ እሰድልሃለሁ።

አባባ ታሟል። ጉበቱ ነው። በግንቦት አዲስ አበባ ወስደነው ነበር፤ አንተ ዘመድ ጥየቃ የመሰለህ ያ ጉዞ ማለት ነው። ሐኪሙ እኔንና እማዬን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ፣ ከእንግዲህ ቤቱ ሆኖ የሚወደውን ይብላ፣ ከሰዎቹ ጋር ይሁን አለን። አባባ ከአልጋው ላይ ሆኖ በበሩ መስታወት ያየን ነበርና ሳንነግረው ገባው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የሾፌሩን አነዳድ ሲያርም መጣ እንጂ ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አላነሳም።

ያነሳው ሰኔ ላይ፣ ከአቶ ዓብይ ለቅሶ ስንመለስ ነው። አቶ ዓብይን መቼም አትረሳውም፤ የጅማን መስመር ከአባባ ጋር ሲነዳ የኖረው ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ ነበር። ፊቱ ደብዝዞ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ራቅ ብሎ ላየው ማንም ሊሆን ይችላል። ከኋላችን የነበረች አንዲት ሴት "ሰውዬው ማናቸው?" ብላ ስትጠይቅ አባባ ሰማ። ቤት እንደገባን ጫማውን እያወለቀ፣ "ትርሲት፣ አንቺን የመሰለች ፎቶ አንሺ ወልጄ እንደዚያ አልሰቀልም። ራሴን እየመሰልኩ ሳለሁ አንሺኝ" አለኝ። ድምፁ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው የረጋ ነበር።

እንደምታውቀው እሠራበት የነበረው ፎቶ ቤት ባለቤት ዕቃውን ጭኖ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መብራትም ፍላሽም የለኝም። የቀረችኝ አንተ የላክልኝ አሮጌ ካሜራ ከነአንድ ሌንሷ ናት። በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ሲል አባባን ግቢው መሃል አስቀምጬ አነሳሁት። ቀትር ነበር። ፀሐዩ ከአናቱ ወርዶ ዓይኖቹን ጉድጓድ አደረጋቸው፤ የጉንጩ አጥንት ገጠጠ፣ የቆዳው ቢጫነት ባሰበት። አባባ ፎቶውን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አየውና "ከሞትኩ በኋላ ነው እንዴ ያነሳሽኝ?" አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬ አላርፍ አለ። ገና ሲነጋ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። መናኸሪያ ያሉትን ትኬት ቆራጮች፣ ገበያ ያሉትን ቆጮ ሻጮች፣ ጎረቤቶቻችንን ሳይቀር እየለመንኩ አነሳለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ወሬውን ትቼ የአፍንጫው ጥላ በየት በኩል እንደወደቀ ነው የማየው። እማዬ "ልጅቷ ሰው ላይ ማፍጠጥ አመጣች" ትላለች። ፀሐይ ገና ዝቅ ሳለች ፊት እንደሚለሰልስ፣ ደመና ሲሆን ሰማዩ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ መብራት ሆኖ ሽብሽቡን እንደሚያረግበው፣ በር አፍ ላይ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ውስጥ ብርሃን እንደሚገባ ቀስ በቀስ ገባኝ። ቢሆንም ፎቶዎቼ ደረቁ። ሁሉም ካሜራ ሲያዩ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ይገተራሉ። አባባ ደግሞ በየሳምንቱ ኮቱ እየሰፋው ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም፤ ቡታጅራ ሄድኩ። እዚያ ጋሽ ሸረፋ የሚባሉ የቆዩ ፎቶ አንሺ አሉ፤ ሰውን የሚያነሱት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አዩና "ብርሃኑን አግኝተሽዋል። ሰዎቹን ግን ማን ያናግራቸው ነበር?" አሉኝ። እንዳትንቀሳቀሱ ከማለት በቀር ምንም እንዳላልኳቸው ነገርኳቸው። "እንግዲያው ያነሳሽው አለመንቀሳቀሳቸውን ነዋ" አሉ። ከዚያ እኔኑ በሩ ላይ አስቀምጠው፣ ፊቴ በጠቆረበት በኩል ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት ሰሌዳ አቆሙና ጥላው እንዴት እንደሚሳሳ በመስታወት አሳዩኝ። ማንን ላነሳ እንደሆነ ስነግራቸው "አላህ ያሽርልሽ፣ ልጄ። እያወራ አንሺው። ካሜራውን ይተወውና የሚወደውን ሰው ይይ" ብለው ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ጋብ ሲል የዱቄት ነጭ ማዳበሪያ ተርትሬ ካርቶን ላይ ወጠርኩ። አባባን በረንዳው በር ላይ፣ ዱካው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሰሌዳውን እማዬ እንድትይዝልኝ ለመንኳት። ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ ክንዷ ቶሎ ዛለና ሰሌዳው ይንጋደድባት ጀመር። አባባ መኪና ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ረዳት እጁን እያወዛወዘ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በቃ፣ በቃ!" ይላታል። እማዬም "ዕድሜ ልኬን ስትነዳኝ ኖረህ ዛሬም ቁጭ ብለህ ልትነዳኝ ነው?" አለችው። አባባ ሳቀ። ያንን ትከሻውን የሚያርገፈግፈውን የድሮ ሳቁን ነው የሳቀው። አነሳሁት።

ራምዚ የሚሰጥህ ፎቶ እሱ ነው። ሕመሙን አልደበቅኩትም፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ ታየዋለህ። ዓይኑ ግን እማዬ ላይ ነው፤ አባባ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ይዞት ቆየና "ይሄማ ለለቅሶ አይሆንም። በዚህ ፊት ማን ያለቅሳል? ይሄን ለዘመድኩን ላኪለት፤ የለቅሶውን ነገ እናነሳለን" አለኝ።

በነጋታው ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ደመና ነው አልኩት። ሐሙስም ለብሶ ጠበቀኝ፤ አሁንም ደመና ነው አልኩት። "ደመና ለፊት ይሻላል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ብርሃኑ ደህና ነው፣ ልጄ። አንቺ የፈራሽው ሌላ ነው" አለ። ካሜራዋን አስቀምጬ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ፀጉሬን እየዳሰሰ ብዙ ከቆየ በኋላ "በይ ይቅር። ዘመድኩን ሲመጣ አራታችንም አብረን እንነሳለን። የእኔን ከዚያ ውስጥ ቆርጠሽ ታወጪዋለሽ" አለኝ።

እንግዲህ የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ለአባባ ቃል ገብቼለታለሁ፤ አንተን ሳልጠይቅ። ሰው ሁሉ ለመስቀል እንደሚገባ አውቃለሁ፤ አንተም በየዓመቱ ለመስቀል እመጣለሁ ትላለህ። የዘንድሮን መስቀል ግን አትጠብቅ። ሱቁን ለሆሳዕና ወይም ለራምዚ ትተህ፣ ዱካው ላይ ራሱን ችሎ መቀመጥ እየቻለ ና። ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ እወጣለሁ፤ ገና እንዳልሰማህ እያወቅኩ እንኳ እወጣለሁ።

ሆሳዕናን በብዙ ሰላም በልልኝ፤ አንተን ስለጠራሁባት እንዳትቀየመኝ፣ ብትችል እሷም አብራ ብትመጣ ደስታዬ ነው። ልጃችሁን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፈሽዋል ሰላም ብላሃለች፤ ማታ ማታ እየመጣች ከአባባ ጋር ትጫወታለች። እማዬ ምን ልበልልሽ ስላት ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው። አባባም ስልክ ላይ ሁልጊዜ እንደሚለው "ደህና ነኝ በይው" ብሏል። አትመነው።

እህትህ ትርሲት ተካ

ወልቂጤ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.