ለሉፔ እንዳትነግሪያት

ሜልቦርን ላለሽው ለልጄ ለሉፔ። የሰው አገር ብርድ አይምታሽ፣ ክፉ ዐይን አይይሽ። እዚህ ደሴታችን ቫቫኡ ቦዬው ለምልሟል፣ አሳማዋም ወልዳለች።

አባትሽ ግን ከስቷል። «ካንሰር ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጣውን አሚኖ አሲድ እየበላ ያድጋል፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ እሱን ስንከለክላቸው የአይጦቹ ዕጢ ቀጨጨ» ካልሽኝ ወዲህ ዓሣና ሥጋ ነሣሁት። ነርሷ ደግሞ መጥታ «ሰውነቱ እያለቀ ነው፣ ይብላ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። ማንን ልስማ?

እሑድ የአባትሽ እህት ካሎላይኔ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ይዛ መጣች። በእኛ ወግ እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ ያመጣችው አይመለስ ነገር! እንደ ደንቡ ወንድሟ ወደተኛበት ክፍል አትገባም፤ በረንዳው ላይ ሆና «አጉርሺው!» ትለኛለች።

«ኧረ ሉፔ ከልክላለች» ብላት፣ «ሉፔ የምታውቀው አይጥ ነው፤ ወንድሜ አይጥ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ዓሣውን አጎረስኩት። የማጎርሰው እሱን ይሁን ዕጢውን እንጃ። ልጄ፣ ግራ ገባኝ። እሱ ግን ሳህኑን ጠርጎ በላና «ለሉፔ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ጌታ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ። እባክሽ የአባትሽን ሐኪም ጠይቂልኝና፣ ይብላ ካለ ደውለሽ አንቺው «አባዬ፣ ብላ» በዪው። ካንቺ ተደብቆ ሲበላ ማየት አልቻልኩም።

እናትሽ