ዘወር ያልኩበት ኪኒን

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ነጩ ጋውን አልደረቀም። በካውያ አደረቅሁት። ወዲያው ልጄ ናሆም በሽሮ እጁ እጅጌውን ያዘው። እንደገና እጥበት። ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምን ይደረጋል።

እማማ ጥሩወርቅ ከአልጋቸው እንደተነሱ ስለ ስፌት መኪናዬ ጀመሩ። አማቴ ናቸው፤ ልጆቹን ሊይዙልኝ ከይጁቤ ከመጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መኪናው ከቅዳሜና እሁድ በቀር ስለማይነካ አቧራ ለበሰ አሉ። እውነት ነው፣ ለብሷል። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከነውሃው ሰጠኋቸው፣ ዘወር ብዬ የትልቋን ልጄን የማርታን ጫማ አሰርኩ፣ ብርጭቆውን ተቀበልኩ። ግፊታቸውን ልለካ ስል እንደ ሁልጊዜው እምቢ። ክንዴን እንደ ሌባ አትሰሪኝ አሉ። እሺ።

ጋሻው ውጭ ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል። ገና ሳልመረቅ ሲስተር ይለኛል ባሌ። ደስ ይለኛል፤ አልነግረውም።

ደብተሬ፣ አንተም ድሮ የልኬት ደብተር ነበርክ። በግራ ገጽህ የደንበኞቼ ደረትና ወገብ፣ በቀኙ እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ለካሁ። አሁን ደግሞ ግፊት እለካለሁ። ሦስተኛ ዓመት፣ የመጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ፣ ሦስት ሳምንት። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ሲ/ር አልማዝ ካልፈረመች ዓመቱን መድገም ነው። ከጋሻው ጋር የተባባልነው ደግሞ ግልጽ ነው፦ እስከ ሰኔ ቤቱን እሱ ይሸከማል። ከሰኔ ካለፈ ነርስነቱ ይቀራል፣ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ።

ትፈርማለች እንጂ! እኔ ካላስፈረምኩ ማን ሊያስፈርም ነው?

መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት

ዛሬ ሁለት ልጆች ሞክረው ያጡትን ደም ሥር በአንዴ አገኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ ሴት ነኝ፣ ምን ይገርማል! ሲ/ር አልማዝ አየችኝ።

አልጋ 7 ግን አሳሰበኝ። የኔታ ናቸው፣ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ የቅኔ መምህር። ግፊታቸው ወይ ፍንክች። ከሰኞ ጀምሮ መድኃኒታቸውን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አንዲት ነጭ ኪኒን። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ እሰጣለሁ፣ ውሃ አቀብላለሁ፣ ዘወር እላለሁ። መቼም የኔታን የሚያህል ሰው ሲውጥ ጉሮሮው ላይ አላፈጥም። እንዲህ አላደግሁም። ከዚያ ካርዱ ላይ "ተሰጥቷል" ብዬ እፈርማለሁ። መርቀው ይሸኙኛል። ምርቃታቸው ብቻውን ያጠግባል።

ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ ግንባሩን ቋጠረ። በትክክል እየወሰዱ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ፣ ያለ ምንም ማመንታት።

መጋቢት 4፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

እጄ ሐሰት ፈርሟል። እኔ! እጄ!

አንሶላ ስንቀይር የኔታ ከምታስታምማቸው ልጃቸው ጋር በረንዳ ወጥተው ነበር። ጋቢያቸውን ላራግፍ አነሳሁ። ጫፉ ተቋጥሯል። ልብስ ሰፊ ቋጠሮ አይታ ዝም አትልም። ፈታሁት። አምስት ነጭ ኪኒኖች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።

ጾም ነው! የኔታ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔስ የማን ልጅ ነኝና ጠፋኝ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ የማቀብለው ለማን ነበር? አምስት ቀን ሙሉ ዘወር ብያለሁ፣ አምስት ቀን ሙሉ ፈርሜያለሁ።

መልሼ ቋጠርኩት። ጋቢውን አጥፌ አልጋው ላይ አኖርኩ። ሲ/ር አልማዝ በአጠገቤ አለፈች። አፌን ከፈትኩ፣ ስለ አንሶላ አወራሁ። ፈሪ!

ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰኞ እጥፍ አደርገዋለሁ ብሏል። ያልተዋጠ መድኃኒት እኮ ነው የሚያጥፈው። የኔታ እጥፉን አንድ ቀን በእውነት የዋጡት እንደሆነ ግፊታቸው ገደል ይገባል። ከተናገርኩ ደግሞ ፊርማው ቀረ። ሐሰት የፈረመች ተማሪን ማን ያሳልፋል?

መጋቢት 6፣ እሁድ፣ ከቀኑ 8፡00

የፋሲካ ቀሚሶች። ሦስት ዓመት የኖርነው ከቅዳሜና እሁድ ስፌቴና ከጋሻው ባጃጅ ነው። ዛሬ አንዱን ጥልፍ ገልብጬ ሰፋሁት። ተረተርኩ። እማማ አዩኝና እጅሽ ረሳ አሉ። እጄ አልረሳም፤ ልቤ ነው አልጋ 7 ላይ የተቀመጠ።

ለጋሻው ነገርኩት። ባጃጁን እያጠበ ነበር። ውሃውን ዘጋ። ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ሌላ አልጠየቀም። እኔም አልቆጣሁትም፤ ጀርባውን ሦስት ዓመት ያጎበጠ እሱ ነው።

ግን ሌላ ሰው ባያይ እኔ አይቻለሁ። ይኼ ነው ያስቸገረኝ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ፣ የምሳ ሰዓት

ደብተሬ፣ ተናገርኩ።

ጠዋት ገብቼ የኔታን ለካሁ። ግፊታቸው ወርዷል! ትንሽ፣ ግን ወርዷል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰማይ ተከፈተልኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ቅዳሜና እሁድ ከምግብ አይከለከልም። ሁለቱን ቀን ተረኛዋ የሰጠቻቸውን በቁርሳቸው ላይ ውጠውታል። ከነገ ጀምሮ ተመልሶ ይወጣል፣ እጥፉም ይታዘዛል።

ሐኪሙ ሳይመጣ ሲ/ር አልማዝ ዘንድ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳት፤ አላለቀስኩም። ካርዱን አወጣች፣ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። አምስቱንም ቀን በራሴ እጅ አረምኩ፦ ሲወስዱ አላየሁም፣ አልወሰዱም። ጽፌ ስጨርስ ካርዱን ረዥም ጊዜ አየችው። አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር ወይ አለችኝ። አልፈርምም አልኩ። እኔም አልፈርምም አለች፣ ለአሁኑ። ሁለት ሳምንት ተጨመረብኝ። ፋሲካን ጨምሮ።

ሐኪሙ ተቆጣ። መቆጣት ሲያንሰው ነው። ከዚያ ሰዓቱን ቀየረው፦ መድኃኒቱ መጠኑ ሳይጨመር በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

የኔታ ጋ ሄድኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው፣ ትንሽም ከፍቶኝ ነበር። ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ዘወር ባትዪ እነግርሽ ነበር። አንቺ አክብረሽኝ ዘወር ስትዪ፣ እኔ እንዴት ላሳፍርሽ?"

ተያየን። ሁለታችንም ሳቅን። በይሉኝታ ልንገድላቸው ነበር እኮ! እሳቸውም እኔም ተባብረን።

ያው ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ፊቴ ነደደ፣ ግን አልነቀልኩም። ዋጡ። ከዚያ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አሳዩኝ። ልጃቸው በሳቅ ሞተች።

ቤት ስገባ ለጋሻው ሁሉንም ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ሳምንት ከሰኔ ያልፋል ወይ? አያልፍም። እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ አለኝ። ፋሲካን ሆስፒታል ስለምውል የፋሲካውን ቀሚስ ሁሉ ሙሉ ለምትባለው ጎረቤቴ ሰጠሁ፣ እሷም ጎበዝ ሰፊ ናት። መኪናዋ ስለተሰበረ የኔን ጨምሬ ሰጠኋት፤ ጋሻው በባጃጁ አደረሰው። እማማ መኪናውን እስከ በር ሸኙት፣ እንደ ሬሳ። እኔ አልከፋኝም። ትንሽ ብቻ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ጋውኑ ደርቋል። መኪናው የነበረበት ጥግ ባዶ ነው። ናሆም ገብቶ ተቀምጦበታል።

ለእማማ ኪኒኑን ሰጠሁ፣ ውሃውን ሰጠሁ። ማርታ ጫማዋን ይዛ መጣች። እጄ ወደ ማሰሪያው ሄደ። ቆመ።

ዘወር አላልኩም።

እማማ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀሩ። ምን አፈጠጥሽብኝ አሉ። ሲውጡ ልይዎት ነው እማማ አልኩ። ተቆጡ። እኔም ፈራሁ፣ ግን አየኋቸው። ውጭ ጋሻው የባጃጁን ጥሩምባ ይነፋል። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱና ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ያለው፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር፣ አንድ ሳይጎድል።

ስትጣደፊ ሳይ ነገር ልጨምርብሽ አልፈለግሁም አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆነብኝ። አቀፍኳቸው።

ተወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤትም ዘጠኝ ሰዓት ነው። የምታስውጣቸው ማርታ ናት፤ ከት/ቤት ስምንት ሰዓት ትመጣለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም። ያጠራቀሙትን ለሐኪም እነግራለሁ። ጋሻው ይጠብቅ። ዛሬ አረፍዳለሁ፣ ለሲ/ር አልማዝም ለምን እንዳረፈድኩ እነግራታለሁ።

እማማ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። የማንንም ሴት ወገብ ስትጽፊ የኖርሽበት ደብተር ላይ የእኔንም ጻፊው አሉኝ።

በግራው ገጽ፣ ከመጨረሻዋ ደንበኛዬ ሥር፦

እማማ ጥሩወርቅ። ግፊት፦ 160/100።