በጭብጨባ የታደሰው የመሬት ውላችን

ለክቡር የመሬት ኪራይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላባሳ፣ ፊጂ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት እየተመኘሁ፣ እኔ የአገዳ ገበሬዋ ሱክራጂ፣ የራምሩፕ ሚስት፣ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት በገዛ እጄ አፍርሼ በአሥር ቀን ውስጥ መሬቱን እንድለቅ የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ በሰላም ስለደረሰኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቤቴ በር ላይ በአራት ምስማር ስለተመታ ነፋስ እንኳ አልወሰደብኝም። ይህን በጋዜጣ የምጽፈውም፣ በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከቢሮዎ መስኮት እስከ ጠረጴዛዎ ያለው መንገድ ርቋቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ) ባለፈው ዓመት ውላችን ሲያልቅ፣ አማቼ ያደርግ እንደነበረው ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን ሥር ጠቅልለን ለባለመሬቱ ጎሳ አለቃ ለአፒሳይ ወሰድን። እሳቸውም ተቀብለው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡና፣ "ራምሩፕ፣ ወንድሜ፣ ምን አስጨነቀህ? እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል? ይልቅ ጠጣ!" አሉት። ሥሩ ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ፣ ተጠጣ፤ እኛም ውላችን ታደሰ ብለን እየተሳሳቅን ቤታችን ገባን። በእኛ ሰፈር ያንጎና ተቀብሎ ያጨበጨበ ሰው ቃሉን አያጥፍም። ለካስ ውሉ ባለቀ በወሩ ውስጥ የሚሞላ ቅጽ ኖሯል! በምስማር ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን።

፪ኛ) አፒሳይ በሰማንያ ዓመታቸው፣ የእሑድ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ በአውቶቡስ ተንገላተው ቢሮዎ መጡ። "መሬቱ የእኛ ነው፤ ይቆዩ ያልኩት እኔ ነኝ" ሲሉ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "አባባ፣ ይሄ እርስዎን አይመለከትም፤ ደግሞ ቁጥር ይያዙ" አለቻቸው። ባለመሬትን መሬቱ እንደማይመለከተው እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር። ቁጥራቸው ስድሳ ሁለት ነበር፤ ተራው አሥራ ሁለተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ቢሮው ለምሳ ተዘጋ።

፫ኛ) ይህችን ለመጻፍ እጄ ይፈራል። ግን ከእንግዲህ ፈርቼ የት ልደርስ? ያንጎናው በተጠጣበት ቀን ከአፒሳይ በስተቀኝ ተቀምጠው አምስት ዋንጫ የጠጡት እርስዎ ነበሩ። ከሁላችንም አስበልጠው ያጨበጨቡት እርስዎ። "እህቴ ሱክራጂ፣ በይ አሁን ተረጋግተሽ አገዳሽን ትከዪ" ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ተረጋግቼ ተከልኩ። "ቅጽ አለ" የምትል አንዲት ነገር ያን ቀን ከአፍዎ ብትወጣ ምን ነበረበት? ምናልባት አፍዎ ሙሉ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ማሾፉ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ጨንቆኛል። ራምሩፕ ግማሽ ጎኑ ሽባ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው፤ የማገላብጠው እኔ ነኝ፣ በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከአልጋው አታንሱት ብሏል። አፍርሺ የሚሉኝ ቤት ባሌ የተኛበት ቤት ነው! ቅጹን ዛሬውኑ ልሙላ፤ አፒሳይ ይፈርማሉ፣ ጎሳቸውም በሙሉ ልፈርም ብሏል። የቀረው የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነው። እባክዎ፣ በወለደችዎ እናት።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅበት፣ በርዎንም ምስማር እንዳይነካው ጠዋት ማታ የምትጸልይ፣ እስከ መጪው ዓርብ ድረስ አድራሻዋ የታወቀ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ሱክራጂ ራምሩፕ

ማሳሰቢያ፦ አፍራሾቹን የላኩ እንደሆነ በማድቤቱ በኩል እንዲጀምሩ ይንገሩልኝ፤ ራምሩፕ የተኛው በመንገዱ በኩል ነው፣ ድምፅ ያስደነግጠዋል። እሱ ጋ ሲደርሱ አልጋውን ለማንሳት አራት ሰው ይበቃል። የት እንደሚያስቀምጡት ግን ማስጠንቀቂያው ስለማይናገር፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው ቦታውን ቢያሳዩአቸው።