ሁላችን ቢጫ፣ ጽጌ አረንጓዴ

ሐሙስ

ጽጌን ባስገባኋት ቁጥር ሥዕሉ ይበታተንብኛል። እሑድ ቁስቋም አባባ ቤት የዘመድ ማኅበር አለ። የዘር ሐረጋችን በትልቅ ባነር ይታተም ተባለና፣ ዊንጌት ማተሚያ ቤት የምሠራው እኔ ስለሆንኩ እኔው ላይ ተጣለ። ኮምፒውተሩ ላይ ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ግሩፕ፣ ስሞቹን አንድ ላይ የሚይዝ ሳጥን፣ ሠራሁ። ለግሩፑ የጀርባ ቀለም ከሰጠሁት ውስጡ ያሉት ስሞች ሁሉ ይለብሱታል፤ አንድ በአንድ መቀባት የለም። የአጎቴ ቤት ሰማያዊ፣ የአክስቴ ሮዝ፣ የኛ አረንጓዴ።

ጽጌ የአባባ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ እማዬን ከማግባታቸው በፊት የወለዷት። ያደገችው ግን እኛው ጋ ነው። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእናቷ መስመር በሌላ በኩል ስለሚመጣ፣ እኛ መሃል ሳስገባት አሰላለፉ ይዛባል። ሲሰለቸኝ ስሟን ግሩፑ ውስጥ ሳላስገባ ከላዩ ደረብኩና ለብቻዋ ያንኑ አረንጓዴ ቀባኋት። ማንም አይለየውም። ጎበዝ ነኝ!

ዓርብ

ጠዋት ለአባባ በስልኬ አሳየኋቸው። "አረንጓዴው አይታየኝም ልጄ፤ እስቲ ቢጫ አርጊው" አሉ። ምን ችግር አለው፣ የግሩፑን ቀለም መቀየር ነው። ማታ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ቀየርኩና ወደ ማተሚያው ላክሁት። ደግሜ እንኳ አላየሁትም።

እሑድ

ባነሩን ስንዘረጋው ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አየሁት። እኔና ወንድሞቼ ቢጫ፣ መሃላችን ጽጌ አረንጓዴ፤ ልብስ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ። ግሩፑ ሲቀየር እሷ ውስጡ አልነበረችማ! ለብቻዋ የሰጠኋት ቀለም አብሯት ቀረ።

የአክስቴ ምራት ለቤቱ አዲስ ናት፤ "ይቺ ደግሞ የማን ቤት ናት?" ብላ ጠየቀች። ጽጌ ራሷ ቀድማ "እኔ ነኝ፣ እንግዳዋ" አለችና ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሳቋን አውቀዋለሁ። ዕቃ ሳታጥብ የማትሄደው ጽጌ፣ ምሳ ሳይነሳ ወደ ሸጎሌ፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

የኮምፒውተር ስህተት ነው ልላት ነበር። ውሸት። ኮምፒውተሩ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። ሥዕሌ እንዳይበላሽ ብዬ እህቴን ውጪ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ሰኞ

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ወንድሜ "አታካብጂ፣ ቀለም እኮ ነው" ይለኛል። እሱ ቢጫ ነው፣ ምን ቸገረው።

ማክሰኞ

ፋይሉን ከፈትኩ። የጽጌን አረንጓዴ አጠፋሁና ወደ ግሩፑ አስገባኋት። ሁላችንም ተገፋን፤ እኔ ወደ ዳር ወጣሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ወደ ታች ወረደ። ቢጫው ግን እሷን ሊይዝ በራሱ ሰፋ። ምንም ሳልቀባት እሷም ቢጫ ሆነች። መስመሮቹን ሳስተካክል ግማሽ ቀን ሄደ። ሐሙስ ዕለት የሰሰትኩት ይሄንን ግማሽ ቀን ነው።

አዲሱን አትሜ ከሥራ በኋላ ሸጎሌ ሄድኩ። ይቅርታ አልኳት። ባነሩን ዘርግታ ስም በስም አየችው። ስሜን ዳር ላይ ስታገኘው፣ "አልጋ ላይም ስትገፊኝ ነው ያደግሽው፤ ዛሬ ተራሽ ነው" አለች። ከዚያ ጠቅልላ ጥግ አስቀመጠችው። አልሰቀለችውም። እራት ግን ሳልበላ አልለቀቀችኝም።

አሁን ቤት ገባሁ። "ደርሻለሁ" ልላት ደወልኩ። አነሳችው።